ቀራጭ

ሱቄ ገላን ነው፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
ከጎሚስታው ቀጥሎ፣ በብሎኬት አጥር።
ሌሊት ተሳቢው ኮንቴይነር ጭኖ ሲያልፍ
መደርደሪያዬ ይንቀጠቀጣል፤
ካንዴላው ከቺንጋው፣ ቺንጋው ከፍሬን ሸራው
ተጠጋግቶ ያዳምጣል።

ከነዚያ ባንዱ ውስጥ የኔ ዕቃ አለ፣
በደጄ እያለፈ እኔን ያላየ፤
ቃሊቲ ሊገባ ሩብ ሰዓት የቀረው፣
እጄን ብዘረጋ ጣቴ የሚነካው።
አልነካውም። ገና ስም አልወጣለትም።
ይመዘናል እዚያ፣ ይጠየቃል ዘሩ፣
ከምን ብረት እንደሆን፣ ከወዴት አገሩ።
ቀረጥ ይከፍላል፣ በቀረጡ ላይ ቫት፣
በቫቱ ላይ ደግሞ ሱር ታክስ ተጭኖበት፣
እንደ ሐምሌ መረሬ፣
በየርምጃው ጫማ ላይ እንደሚደረብ ጭቃ።
ከዚያ የመጋዘን ኪራይ፣ የትራንዚተር እጅ፣
ጫኝና አውራጅ፣
መርካቶ ወርዶ፣ በአይሱዙ ጀርባ ተጭኖ
ወደኔ ይመለሳል፤
የሩብ ሰዓቱ መንገድ
ሁለት ወር ተኩል ፈጅቶበት።

ሐሙስ ጠዋት ደቻሳ መጣ፣
እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ።
የፊት ግራ ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልሎ
እንደ ተነቀለ ጥርስ ባንኮኒዬ ላይ አኖረው።
«ስንት ገባ?» አለኝ።
አለ ወይ፣ የለም ወይ፣ ኦሪጅናል ነው ወይ፣ ድሮ ቀረ፤
ዋጋ እንደ መርዶ ነው፣
ሰው ተቀምጦ ይሰማዋል።

አንዲት ቀርታኛለች፣ ከላይ፣ አቧራ የጠጣች፤
አዲሱ ቀረጥ ሳይወጣ የገባች።
ማታ ግን ጅምላ ሻጩ ደውሎልኝ ነበር፦
«ሙደሲር፣ ያለህን አትሽጥ፣
የምትተካው በዕጥፍ ነው።
ዛሬን በትናንት ዋጋ የሸጠ ሰው
ነገ መደርደሪያውን ነው የሚሸጠው።»
እውነቱን ነው። ሒሳቡ አልጠፋኝም።

አውርጄ አቧራዋን ልጠርግ ስል
የዋጋው ወረቀት ተላጠ፤
ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ።
አራት ሺህ ሁለት መቶ፣ በእኔ ጽሕፈት፣ ቀለሙ ያልደረቀ።
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፣ በእኔ።
ሺህ አራት መቶ፣ እሱም በእኔ።
ከሁሉ ሥር በእርሳስ፣
በሟች ወንድሜ በከድር ጽሕፈት፣
ስድስት መቶ ሃምሳ። አምስቷ ትንሽ ጎብጣለች፣
እንደሱ አካሄድ።

ብረቷ ያው ብረት፣ ክብደቷም ያው፣
ከካርቶኗ እንኳ አልወጣች።
ልትዞር የተሠራች አንድም ቀን ሳትዞር
ቁጭ ባለችበት አራቴ ተሸጠች።
የዶላሩ ነው አልኩ፣ የመንገዱ ነው፣ የመንግሥት ነው፤
ግን ይቺ አዲሱን ቀረጥ አልከፈለችም፣
ጉምሩክ ጣቱን አላሳረፈባትም።
ማታ በአምፖል ብርሃን፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
የቀረጥኳት እኔ ነኝ።

ደቻሳ ወረቀቶቹን አየ፣ እኔን አየ፣
ምንም አላለም።
«ሦስት ሺህ አንድ መቶ» አልኩት።
ለምን ሦስት፣ ለምን አንድ መቶ፣ ብጠየቅ አላውቅም፤
ጽድቅም አልነበረ፣ ትርፍም አልነበረ።
አስር አስሩን፣ ሃምሳ ሃምሳውን፣
ረዳቱ ያጨማደደውን ብር
ላንቃው እስኪደርቅ ቆጠረ።

ማታ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሱ ሚኒባስ ገባሁ።
«ሃያ ሃያ ብር» አለ ረዳቱ፣ ትናንት አሥራ አምስት የነበረውን።
አጠገቤ ሽንኩርት የታቀፉ እናት
«ምነው ልጄ፣ ምን ተገኘ?» አሉት።
«ዕቃ ተወዷል፣ ማዘር።»
«ማን አስወደደው?»
ረዳቱ ትከሻውን ነቀነቀ።
ደቻሳ በመስታወቱ ውስጥ አንዴ አየኝና
ማርሽ ቀየረ።

ሃያዬን ሰጠሁ።
የፊት ግራ ጎማው ድምፅ የለውም፣ ጸጥ ብሎ ይዞራል።
በመስኮቱ ባሻገር
ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፣ ሌላም ተሳቢ፣ ሌላም
ወደ ቃሊቲ ያልፋል።